«ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የምታወራ ሴት አለች»፦ ስለ እማማ ኮርድለስ ስልክ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። አፍንጮ በር በድሮ ቤት ነው የምትኖረው። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ መልእክት የሚቀበል ኮርድለስ ስልክ ላከላት። በትራንስፎርመር ሰክተን የመደበኛ ስልኩ መስመር ላይ አስገባነው። ማድ ቤት ይዛው ስትገባ ይቆራረጣል። ሃያ ደቂቃ ሳይወራበት ባትሪው ያልቃል። የእህቴ ልጅ የሪሞት ድንጋይ ከቶበት ነበር፣ እሱም አልረዳም። መብራት ሲጠፋ ጭራሽ ዝም ይላል። ይባስ ብሎ እማዬ ሳትደርስበት አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታነሳዋለች፤ እማዬም ‹ቤት ውስጥ ሰው አለ› ትላለች። 14 መልእክት አለ ይላል፤ ስንከፍተው ሁሉም ‹ቱ ቱ ቱ› ብቻ ነው። እንጣለው? ወይስ ቮይስሜይል ይሻላል? ጎረቤት ወሬያችሁን ይሰማል የሚሉንስ እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከድንጋዩ ልጀምር። እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። ማንበብሽን ትተሽ ሂጂና አውጪው፤ እጠብቅሻለሁ።

አወጣሽው? ጎሽ። ኮርድለስ እጀታ ውስጥ የሚገባው ባትሪ መጠኑ ከሪሞት ድንጋይ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ያኛው ቻርጅ የሚደረግ ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ይላል፤ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት ነው። የሪሞት ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፣ ቻርጅ አይደረግም። የስልኩ መቀመጫ ግን ይሄን አያውቅም። እጀታው በላዩ ባረፈ ቁጥር ድንጋዩን ኤሌክትሪክ ይግተዋል። ድንጋዩ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያፈሳል። የፈሰሰው ነገር ነጭ ዱቄት መስሎ ይደርቅና ሞላውን ይበላዋል።

አሁን ክዳኑን ከፍተሽ ሞላዎቹን በመብራት እይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ የጆሮ ጥጥ ሎሚ ነክረሽ ጥረጊው፤ ከዚያ በደረቅ ጥጥ። ንጹሕ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ።

ሃያ ደቂቃ የሚቆየው ዋናው ባትሪ ደግሞ አርጅቷል፣ በቃ። እነዚህ ባትሪዎች ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገሉ ጡረታ መውጣታቸው ነው። ስትገዢ በቀጭኑ መጠን፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ 1.2 ቮልት፣ ሁለት ፍሬ በይ። ከ500 እስከ 800 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ይበቃል። አንድ ምክር ልስጥሽ፤ በዚያ ቀጭን መጠን 2000 ወይም 3000 ብሎ የጻፈ ባትሪ ካየሽ አልፈሽው ሂጂ። ያን ያህል በዚያች ገላ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ስታስገቢው 16 ሰዓት ያህል መቀመጫው ላይ ይደር። ቤታችሁ መብራት የሚመላለስ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ አግኝቶ እንደሆነ ጠዋት አረጋግጪ።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስልኩ ከአሜሪካ ነው የመጣው አልሽ። በትራንስፎርመር መሰካታችሁ ብልህነት ነው። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እኔ ወጣት ሆኜ አንድ ዘመድ ያመጣልኝን ስልክ ዝም ብዬ ግድግዳ ላይ ሰካሁት። ሦስት ሰከንድ አልቆየም። ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ እየሸተተ ሰነበተ። ባለሙያ ነኝ ባይ መሆኔን እናቴ ለዓመታት አልረሳችልኝም።

ግን ትራንስፎርመር የሚፈታው ግማሹን ነው። ስልኩን ገልብጪና ከሥር ያለውን ወረቀት አንብቢ። «ዴክት 6.0» የሚል ካለበት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ዴክት የዘመኑ ኮርድለስ ስልኮች የሚነጋገሩበት ስልት ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ይሠራል። አሜሪካኖች ያ ቦታ ስለተያዘባቸው ከ1920 እስከ 1930 ወሰዱ። ችግሩ እዚህ ነው። ከ1920 እስከ 1980 ያለው ቦታ፣ የእኛ ሞባይሎች በ3ጂ ወደ ማማው የሚናገሩበት ነው። ስለዚህ የእናትሽ ስልክ ሰው ሰርግ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የራሱን ቴፕ እንደሚከፍት እንግዳ ነው። እሱም ይረበሻል፣ ሌላውንም ይረብሻል። ከመቆራረጡ ግማሹ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም የአየር ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለዚህ አገር ያልተፈቀደ የሬዲዮ ዕቃ ይዞ ከእነሱ ጋር መነጋገር አይመከርም።

እና ፍርዴን ልንገርሽ። ዴክት 6.0 ከሆነ አትጣዪው፣ ግን አትጠቀሙበት። ሰው ሲሄድ ለወንድምሽ መልሺለት። እሱንም አትውቀሺው፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ይሄን የሚነግረው ሰው የለም። በምትኩ ለአውሮፓ የተሠራ ግዢ፤ ከዱባይ የሚመጣውም አብዛኛው እዚያው ሞገድ ላይ ነው። መልኩን አትመኚ። አንዱ ፋብሪካ ለአሜሪካና ለአውሮፓ መንታ የሚመስሉ ስልኮች ይሠራል። ጀርባውን አንብቢ፤ 1880 እስከ 1900 ካለ፣ አዳፕተሩም ከ220 እስከ 240 ቮልት ካለ፣ ያ ነው። ትራንስፎርመሩም ይቀርልሻል። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው እህቴ» ካለሽ አመስግነሽው ሌላ ሱቅ ግቢ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለአዲሱም ለአሮጌውም ይሠራል።

ማድ ቤቱ። አፍንጮ በር ያሉትን የድሮ ቤቶች አውቃቸዋለሁ። መስመር ልዘረጋ ገብቼባቸዋለሁ። ሳሎኑ ወፍራም ግድግዳ ነው፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ጓሮ፣ ብዙ ጊዜ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ሳጥኑ ላይ «300 ሜትር» ብሎ ይሆናል። እሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ጃንሜዳ መሀል ቆመሽ። ቤት ውስጥ 50 ሜትር ካገኘሽ ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ ብረት ሞገድ አያሳልፍም። እናትሽ ማድ ቤት ሲገቡ ባዶ ጣሳ ውስጥ እንደገቡ ቁጠሪው።

አብዛኛው ሰው የስልኩን መቀመጫ የት እንደሚያኖረው ታውቂያለሽ? ፍሪጅ ላይ። ወይ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከዋይፋዩ ጎን፣ ዳንቴል ጣል ተደርጎበት። ዳንቴሉ ምንም አያደርግም። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ግን ያደርጋሉ። መቀመጫውን ወደ ማድ ቤቱ በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ በሰው ደረት ከፍታ አድርጊው። የስልኩ ገመድ አይደርስም እንዳትዪ። የስልክ ሽቦ ርካሽ ነው፤ 15 ሜትር ብትዘረጊ ድምፁ ቅንጣት አይቀንስም። ሞገዱን ከምታስሮጪ ሽቦውን አስኪጂው።

ቦታውን የምትመርጪው እንዲህ ነው። እጀታውን አንስተሽ ቶኑን እየሰማሽ ወደ ማድ ቤት ሂጂ። በሩን አልፈሽ ምድጃው ጋ ቁሚ። ዙሪ፣ ጎንበስ በይ፣ ማሰሮ የምታወጪ ምሰይ። ቶኑ ከተንተባተበ የእህትሽን ልጅ ጥሪና መቀመጫውን አንድ ክንድ ወደ ግራ ያንሳው በይ። እንደገና ስሚ። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ለዚህች ሥራ የታክሲና የእጅ ዋጋ እየተቀበልኩ ነው የኖርኩት፤ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ሽቦውን ስትቀጥዪ አሮጌውን ሶኬት ከፍተሽ ባዶ ሽቦ የምትነኪ ከሆነ፣ ሰው እንዳይደውል አድርጊ። መስመሩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 48 ቮልት ገደማ ነው፣ እሱ ብዙም አይሰማሽም። ጥሪ ሲመጣ ግን ወደ 90 ቮልት ይጠጋል። ልምምድ ላይ እያለሁ መቁረጫ ጠፍቶኝ ሽቦ በጥርሴ ስልጥ አንድ ሰው ደወለ። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መስመሩ ላይ ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ ከሰማችሁና በዚያው መስመር ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል ኢንተርኔት ካለ ደግሞ፣ በስልኩና በግድግዳው መሀል ፊልተር አለ ወይ ብለሽ እይ። ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት። እሷ ከሌለች ኢንተርኔቱ ጆሮ ውስጥ ይንሾካሾካል።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ዝም የሚለው ብልሽት ሆኖ አይደለም። የድሮው ባለ ገመድ ስልክ ምግቡን በሽቦው በኩል ከቴሌ ጣቢያ ነው የሚያገኘው። ጣቢያው ደግሞ ባትሪ አለው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲሆን ስልኩ ይሠራ ነበር። ኮርድለስ መቀመጫው ግን የቤቱን መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ እጀታው ባትሪ ቢኖረውም የሚያናግረው የለም።

መድኃኒቱ ያ የምትንቁት አሮጌ ስልክ ነው። አልጣላችሁትም አይደል? የእናትሽ አልጋ አጠገብ አስቀምጡት። አንድ መስመር ለሁለት የምትከፍል መንታ ሶኬት ግዢና ኮርድለሱንም እሱንም ሰኪ። ሁለቱም አብረው ይጮሃሉ። መብራት ሲጠፋ አሮጌው ይቀራል። ሌሊት ደግሞ እጀታ ፍለጋ ትራስ ሥር መዳበስ አይኖርም። ይሄ ግን የሚሠራው መስመራችሁ የመዳብ ሽቦ ከሆነ ነው። ወደ ፋይበር ከተቀየራችሁ ስልኩ የሚሰካው ፋይበሩ ከሚገባበት ሳጥን ጀርባ ነው። ያ ሳጥን ራሱ መብራት ይፈልጋል። እንደዚያ ከሆነ ለዋይፋይ ተብላ የምትሸጠውን ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የምትተካውን ትንሽ ባትሪ፣ ለሳጥኑ ግዢለት። የአዳፕተሩን ቮልት አስተያይተሽ ግዢ፤ 12 ካለ 12።

አሁን ወደ እንግሊዝኛዋ ሴት።

እናትሽ ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለታቸው አያስቅም። ስልክ ገና ወደ ቤተ መንግሥት በገባበት ጊዜም ሰው አልባ ድምፅ ምን ያህል እንዳስደነገጠ ሲወራ የኖረ ነው። ግን የሚያስገርመውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1898 ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖውልሰን ድምፅ በማግኔት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ሠራ። የመልእክት መቀበያ ማሽኖች አያት እሱ ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአጼ ምኒልክ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በማግሥቱ ዓመት በገዛ ድምፃቸው መልስ ቀዱ። የእነሱ መልስ ዛሬም አለ። እና እናትሽ «ለዕቃ አልናገርም» ካሉሽ፣ እቴጌም ተናግረዋል በያቸው።

ነገር ግን እነዚያ መልእክቶች ሰው ለሰው፣ በስም፣ በራሱ ቋንቋ የላካቸው ነበሩ። የእናንተ ስልክ ላይ ያለችው ሴት ፋብሪካ የቀዳት ናት። የምትለውም ግፋ ቢል «ሰላም፣ ስልኩን የሚያነሳ የለም፣ መልእክት ይተው» ነው። የእናትሽ ወዳጅ፣ የማኅበር እህታቸው፣ ያልጠበቁትን እንግሊዝኛ ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ? ይዘጋሉ። ተሳስቼ ፈረንጅ ቤት ደወልኩ ብለው ይዘጋሉ። ማሽኑ ታማኝ ነው፤ የተዘጋበትንም መስመር ቀድቶ «መልእክት አለ» ይላል። 14ቱ «ቱ ቱ ቱ» ይኸው ነው። ማሽኑ አልተበላሸም።

ሁለተኛም ምክንያት አለ፣ እሱም ኪስ ነው። ብዙ ሰው ሚስኮል ያደርግና መልሰው እንዲደውሉለት ይጠብቃል። ማሽኑ ካነሳ ግን ስልኩ ተነስቷል ማለት ነው፤ ሒሳብ ይቆጥራል። ሰው ለሴትየዋ እንግሊዝኛ ብር አይከፍልም።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ ማኑዋል ላይ ተጽፎ አላየሁም። የእኛ ሰላምታ ለብቻ አይነገርም። አክስቴ አንድ ጊዜ ለእኔ ማሽን የተወችውን መልእክት ላስታውስሽ። «ሃሎ… ደህና ነህ?» አለች። ጠበቀች። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ጠበቀች። «አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልከኝ?» አለች። ጠበቀች። ከዚያ «ተቀይሞኛል መሰለኝ» ብላ አጠገቧ ላለ ሰው ነገረችና ዘጋች። ሙሉው መልእክት ይሄው ነበር። ለምን እንደደወለች ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። እስከዚያው እቤቷ ስሄድ ቡናዋን እንኳ በሙሉ ፊት አልሰጠችኝም። ደህና ነህ ብሎ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ወደ ቁም ነገሩ አይገባም። ነውር ነው የሚመስለው።

ስለዚህ መልሱን አስቀድመሽ ማሽኑ ውስጥ ክተቺው። የፋብሪካዋን ሴት አጥፊያትና እናትሽ ራሳቸው እንዲህ ብለው ይቅዱ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። አሁን ማንሳት አልቻልንም። ‹ጢጥ› ሲል ስምዎንና የደወሉበትን ጉዳይ ይንገሩን። ቁጥርዎን ቀስ ብለው ይጥሩ፤ መልሰን እንደውላለን።»

«ደህና ነን» የምትለዋን ቀልድ አታድርጊያት። ለስንት ቤት ይሄን አስቀድቻለሁ፤ ሰው ድምፁ ይለወጣል። «ተመስገን፣ እኔ እከሊት ነኝ…» ብሎ ይቀጥላል። ደዋዩ ደህንነታችሁን ሰምቷል፤ የቀረው ጉዳዩ ነው።

«ቤት ውስጥ ሰው የለም» ወይም «ክፍለ ሀገር ሄደናል» አይባልም። ማን እንደሚደውል አይታወቅም። እናትሽ ብቻቸውን ቢሆኑም «ማንሳት አልቻልንም»፣ «እንደውላለን» በብዙ ቁጥር ይሁን።

ሲቀዱ አጠገባቸው ሁኚ። አሮጊቶች ስልክ ላይ ይጮሃሉ፤ የድሮ መስመር ያስለመዳቸው ነው። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አርቂላቸው። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ቁልፉን ከተጫንሽ በኋላ አንድ ትንፋሽ ይቆዩ፣ አለበለዚያ «ጤና» ተበልቶ «ይስጥልኝ» ብቻ ይቀራል። መልሰሽ አሰሚያቸው። መጀመሪያ «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» ይላሉ። ሁሉም እንደዚያ ይላል።

ቀጥሎ ማሽኑ ስንት ጊዜ ከጮኸ በኋላ ያንሳ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ 4 ላይ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ጥሪ ከነዝምታው 5 ሰከንድ ገደማ ነው፤ አራቱ 20 ሰከንድ። የ76 ዓመት ሰው እጁን ከሊጥ አውጥቶ፣ ታጥቦ፣ ጉልበቱን ይዞ ተነስቶ በ20 ሰከንድ አይደርስም። ደርሰው እጀታውን ሲያነሱ ሴትየዋ ቀድማቸዋለች፤ «ሰው አለ» ያሉትም ለዚህ ነው። እስከሚፈቅደው ድረስ ወደ 6 ወይም ከዚያ በላይ አድርጊው። ከምርጫዎቹ መሀል ሒሳብ ቆጣቢ (Toll Saver) የሚል ታገኛለሽ። እሱ አዲስ መልእክት ካለ በ2 ጥሪ ያነሳል፣ ከሌለ በ4። ባለቤቱ ከውጭ ሲደውል ሦስተኛውን ጥሪ ከሰማ መልእክት የለም ብሎ ሳይከፍል ይዘጋል። የተንኮል ሥራ ነው፣ ደስ ይለኛል፤ ለእናትሽ ግን አይሆንም። መልእክት ባለ ቀን ስልኩን ከእጃቸው ይነጥቃቸዋል።

እናትሽ ማሽኑ ካነሳ በኋላም ማንሳት ይችላሉ። እጀታውን ብቻ ያንሱና «አለሁ፣ አለሁ» ይበሉ፤ በብዙዎቹ ስልኮች ማሽኑ ራሱ ዝም ይላል።

አሁን የምወዳት ነገር። መልእክት ሲከፈት ማሽኑ ቀንና ሰዓት ይናገራል። «3 ፒ.ኤም.» ሲል እናትሽ ሦስት ሰዓት ብለው ይሰሙታል፣ እሱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእድር ጥሪ ቢሆን ቀብር ያስመልጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓቱን ሲሞሉ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ አድርጊው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «3 ኤ.ኤም.» ብለሽ ሙይ። ከዚያ በኋላ ኤ.ኤም. ያለው ሁሉ ቀን ነው፣ ፒ.ኤም. ያለው ሁሉ ማታና ሌሊት። ቀኑም የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ነው፣ እንደኛው። መስመራችሁ የደዋይ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ አንዳንዴ ከቁጥሩ ጋር ሰዓትም ስለሚልክ ስልኩ ራሱን ሊያስተካክል ይችላል። በማግሥቱ ወደ ፈረንጅ ተመልሶ ካገኘሽው ሰዓቱን ከመስመሩ እንዳይወስድ የሚያደርግ ቦታ ሜኑው ውስጥ ፈልጊ።

ወንድምሽ ከሥራ ወጥቶ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት (6 ፒ.ኤም.) ሲደውል፣ እዚህ በእኛ እንደ ወቅቱ ሌሊት 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። የኮርድለሱን ጩኸት ማታ ዝም አሰኚውና ማሽኑ ይቀበለው። አልጋ አጠገብ ያለው ባለ ገመዱ ግን ይጮሃል፣ እንዳትረሺ። የክፉ ቀን ጥሪ እንዲያልፍ እኔ እሱን አልዘጋውም። ወንድምሽን ነው ሰዓቱን የማስተምረው።

ቮይስሜይል ይሻላል ወይ? በአንድ ነገር ይበልጣል። እሱ የሚቀመጠው ቤታችሁ ሳይሆን ኔትወርኩ ላይ ነው። መስመሩ ቢያዝ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሞባይሉ ቢዘጋ መልእክቱ ይገባል። ማሽኑ ይሄን አይችልም። ግን ለመስማት መደወል፣ የሚስጥር ቁጥር መምታት፣ የምትናገረውን ሴት መከተል አለ። እናትሽ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል አይተው አንድ ቁልፍ መጫን ይሻላቸዋል። እኔ ማሽኑን ነው የምመርጥላቸው።

ሞባይላቸውን ግን ወደ አንቺ ማሳለፍ ትችያለሽ። በእሳቸው ሞባይል ኮከብ ኮከብ 61 ኮከብ፣ ያንቺን ቁጥር፣ ኮከብ ኮከብ 30 መሰላል ብለሽ ደውዪ። እንዲህ ይጻፋል፦ **61*ያንቺ ቁጥር**30#። ለ30 ሰከንድ ካላነሱ ጥሪው አንቺ ጋ ይመጣል። ለማጥፋት ##61# ነው። የተላለፈው ጥሪ ሒሳብ አስተላላፊው ስልክ ላይ ስለሚወድቅ ካርዳቸውን እይላቸው። ለመደበኛ ስልኩ ጥሪ ማስተላለፍ ከፈለግሽ 994 ደውለሽ ጠይቂ። ብቻ ያንቺን ወደ ቤት፣ የቤቱን ወደ አንቺ እንዳታደርጊ። ደዋዩን ኳስ ታደርጊዋለሽ።

ጎረቤት ይሰማል የሚባለው ከድሮዎቹ ነው የመጣው። በ46 እና 49 ሜጋኸርዝ ይሠሩ የነበሩት ኮርድለሶች እንደ ሬዲዮ ነበሩ፤ መቀበያ ያለው ሰው ይሰማቸው ነበር። ዴክት በዲጂታል ነው፣ ብዙ ጊዜ ድምፁንም ይቆልፋል። ቁልፉ በባለሙያ እጅ ተሰብሯል፤ የጎረቤትሽ ልጅ በሬዲዮው ግን አይከፍተውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ በር ነው። ማሽኑን ከውጭ ደውለሽ መክፈት ትችያለሽ፤ የእናትሽ ድምፅ መናገር ሲጀምር ኮከብ ወይም መሰላል ትጫኚና የሚስጥር ቁጥሩን ትመቺያለሽ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 0000 ነው። የቤታችሁን ስልክ የሚያውቅ ሁሉ ይሄንንም ይገምታል። ዛሬውኑ ለውጪው፤ የእናትሽን የልደት ዓመት ግን አታድርጊው፣ ሰፈሩ ያውቀዋል። ከዚያ ነገ ከቢሮሽ ለሙከራ ደውዪ። አያንሱ በያቸው። «ደህና ነን» ሲሉ ጨርሰው ከተሰሙሽ ቁጥሩን ምቺ።